መንገድ ሲዘጋ ሕይወት ማቆየት፦ ግጭት ለሚያልፍባት የሰሜን ሸዋ ቀበሌ የሕክምና ዝግጅት መመሪያ

ከአንዳንዱ የመንዝ ጎጥ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ማድረስ በሰላሙ ጊዜም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ተኩስ ሲጀመር ያ ግማሽ ቀን ሦስት ቀን ይሆናል፤ አንዳንዴም መንገዱ ጭራሽ አይኖርም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በየወረዳው ተኩስ ሲሰማ፣ በዚህ ዞን በነርስነት ስሠራ ካየሁት ሞት ብዙው ጥይት ያላመጣው ሞት ነበር። የስኳር በሽታ መድኃኒት ያለቀባቸው አባት፣ በተቅማጥ የደረቀ ሕፃን፣ እንግዴ ልጅ የቀረባት እናት። በጥይት ከሞቱትም ውስጥ ደማቸውን የሚያቆምላቸው አንድ ሰው አጠገባቸው ቢኖር ዛሬ ቤታቸው የሚገኙ አሉ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሐኪም አይደለም። ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ሰው ይዞ ለሚቆየው ጎረቤት፣ ለእድር ዳኛው፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለመምህሩና ለልምድ አዋላጇ ነው። ሕክምናን አይተካም።

አንደኛ፦ ተኩስ ሳይኖር የሚሠራ ሥራ

በየጎጡ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ምረጡ። አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ እድሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ መስጊዱ አለ። ቀብር የሚያስተባብር እድር ሕይወት ማዳንንም ያስተባብራል። ከተመረጡት ሁለቱ ደም ማቆም የሚማሩ፣ ሁለቱ ሴቶች የወሊድ ነገር የሚያውቁ፣ የቀሩት ጉልበት ያላቸው ተሸካሚዎች ይሁኑ። ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ወይም የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ በአካባቢው ካለ ፈልጋችሁ አስገቡት።

ከዚያ መዝገብ ያዙ። ነፍሰ ጡሮች ከነወራቸው፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ከአልጋ የማይነሱ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት። ይህን መዝገብ ስትይዙ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ በማንም እጅ ቢወድቅ ማንንም የማይጎዳ ይሁን። ብሔር አይጻፍበት። የማን ልጅ የት እንደዘመተ አይጻፍበት። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ስም ጎን የበሽታውን ስም አታስፍሩ፤ «በየወሩ መድኃኒት የሚያመጣ» ማለት ይበቃል። መዝገብ ሰው ያድናል፤ በግድየለሽነት የተጻፈ መዝገብ ደግሞ ሰው ያስገድላል።

ሦስተኛው ነገር ሣጥኑ ነው። ሰፊ ፋሻና ንጹሕ ጨርቅ በብዛት፣ ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ያልተከፈተ ምላጭ፣ የተቀቀለ የጥጥ ክር፣ ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት)፣ የዚንክ እንክብል፣ ፓራሲታሞል፣ የእጅ ባትሪ፣ እስክርቢቶና ደብተር፣ የሕፃናት የክንድ መለኪያ ሜትር። አንቲባዮቲክ በዘፈቀደ አታከማቹ፤ ባለሙያው ለጎጡ የሚመክራችሁ ካለ እሱን ብቻ ያዙ። ሣጥኑን በሁለት ከፍላችሁ በሁለት ቤት አስቀምጡ። በ2014 በአማራ ክልል ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ሁሉ ነገር ጤና ኬላው ውስጥ ብቻ ከሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ሁለተኛ፦ ደም ማቆም

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው። የአዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው። የጭን ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

መጀመሪያ የራሳችሁን ደኅንነት እዩ። ተኩሱ ካልቆመ ቁስለኛው ራሱ ወደ ከለላ እንዲሳብ ጩኹለት፤ አንድ ቁስለኛ ላይ ሁለተኛ መጨመር እርዳታ አይደለም። ስትደርሱ ልብሱን ቅደዱና ደሙ ከየት እንደሚመጣ እዩ። የጥይት መግቢያና መውጫ ሁለት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባውንም አገላብጡ።

ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጃችሁ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። አሥር ደቂቃ ሙሉ። «ቆሞ ይሆን?» እያሉ ማንሳት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ጨርቁ ቢርስ ሌላ በላዩ ጨምሩ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይ ብሽሽትና ብብት ላይ፣ ጨርቁን በጣታችሁ ወደ ውስጥ እየጠቀጠቃችሁ እስኪሞላ ክተቱና ከላይ ተጫኑ። ቁስለኛው ይጮኻል። አትልቀቁ። ደሙ ሲቆም የጠቀጠቃችሁትን ሳታወጡ በፋሻ አጥብቃችሁ እሰሩ።

እጅ ወይም እግር ሆኖ በመጫን አልቆም ካለ፣ ወይም እጅና እግሩ ተቆርጦ ከሆነ፣ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ስፋቱ ቢያንስ አራት ጣት እንዲሆን የታጠፈ ነጠላ ወይም መቀነት ይሆናል። ሽቦ፣ ሲባጎና ቀጭን ገመድ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ፤ አይሆኑም። ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን፣ ሁለት ዙር ጠምጥሙና ቋጠሩ። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አስቀምጡ፣ እንደገና ቋጠሩበት፣ ከዚያ እንጨቱን ደሙ እስኪቆም ድረስ አዙሩና እንዳይፈታ እሰሩት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉ። ማሰሪያውን በልብስ አትሸፍኑት። «ደም ይዘዋወርለት» ብላችሁ በየሰዓቱ አታላሉት፤ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሠለጠነ ባለሙያ ከተገኘ ማሰሪያውን ወደ ፋሻ ሊለውጠው ይችላል። ያልሠለጠነ ሰው ግን አይፍታው፤ እግር ቢጠፋም ነፍስ ይቀድማል።

አሁን ደግሞ የማይደረጉት። የቡና ዱቄት ቁስል ላይ አይነሰነስም። አመድም፣ ቅቤም፣ ቅጠልም። ቡና ደም ያቆማል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ እኔም ከእናቴ ሰምቼ አድጌያለሁ። ነገር ግን ቡና የታጨቀበትን የጭን ቁስል በሦስተኛው ቀን ለማጽዳት ሞክሬ፣ ቆሻሻው ከሥጋው ተዋሕዶ ልጁ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ደሙን የሚያቆመው መጫኑ ነው። የተሰካ ስለት ወይም ፍንጣሪ አይነቀልም፤ ግራና ቀኙን በጨርቅ አስደግፋችሁ እንዳለ ውሰዱት። ከሆድ የወጣ አንጀት ወደ ውስጥ አይመለስም፤ በፈላና በበረደ ውሃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት፣ በአፍ ምንም አትስጡ። ደረቱ የተመታ ሰው በግድ አይተኛ፤ ትንፋሹ የሚቀልለው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ከሆነ እንደዚያው ይቆይ።

የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል ወዲያው አይሰፋም። ይህን በድፍረት የምለው መንደር ውስጥ በደግነት የተሰፋ ቁስል ብዙ ስለማውቅ ነው። ጥይት አፈርና የልብስ ብጣሽ ይዞ ይገባል፤ በላዩ ሲሰፋ መግሉ ውስጥ ይቀራል። ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ክፍት ሆኖ በደረቅ ፋሻ ይሸፈን። ሐኪም ያጸዳውና አራት አምስት ቀን ቆይቶ ንጹሕ ሆኖ ሲያየው ይሰፋዋል። የቴታነስ ክትባትም አትርሱ፤ መንጋጋ ቆልፍ ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ገዳይ ነው።

ሙቀት። ሰሜን ሸዋ ቆላም ደጋም ነው፣ ግን መንዝ፣ ጣርማ በርና ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ደሙ የፈሰሰ ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ከበታቹ ዝተት አንጥፉ፣ በላዩ ባና ወይም በርኖስ ደርቡ። የመንዝ ሴቶች የሚፈትሉት የበግ ጠጉር ከብዙ መድኃኒት በላይ የሚሠራበት ሰዓት ይህ ነው።

የተሰበረ አጥንት በእንጨት ይደገፍ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ ጭምር። ወጌሻ የምትጠሩ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ተቆጣጠሩ፦ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩ በዚያው ደቂቃ ይላላ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ከሆነ የወጌሻ ጉዳይ አይደለም። ቃጠሎ ደግሞ ለሃያ ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይብረድ፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባም።

ሦስተኛ፦ መሸከምና መድረሻን መምረጥ

ቃሬዛ ከሁለት ረጃጅም እንጨትና ከአንድ ጋቢ ይሠራል። ከተመረጡት ላይ ጎረቤት ተጨምሮ ለአንድ ሰው ስምንት ተሸካሚ ይመደብ፤ አራት ሲደክም አራት ይተካል። ቁስለኛው አናት በኩል የሚሄደው ሰው ፊቱን እያየ፣ እያናገረው ይሂድ። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው አይተኛ፣ ምላሱ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ በጎኑ ይሁን።

መድረሻ ስትመርጡ «ትልቁ የት ነው» ሳይሆን «ዛሬ የትኛው ይሠራል» ብላችሁ ጠይቁ። ከመርሐቤቴ ቆላ ለሚነሣ ዓለም ከተማ፣ ከኤፍራታ ለሚነሣ አጣዬ፣ ከላይ መንዝ መሐል ሜዳ፤ ለከባዱ ጉዳት ደብረ ብርሃን ነው፣ ግን የጣርማ በር ዳገት ሲዘጋ ቆላውና ደጋው ሁለት አገር ይሆናሉ። በየማለዳው አንድ ሰው መንገዱን የማጣራት ኃላፊነት ይውሰድ። ከቁስለኛው ጋር አንድ ወረቀት ይሂድ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጎዳበት ሰዓት፣ ማሰሪያ የታሰረበት ሰዓት፣ የተሰጠው ነገር። ሌላ ምንም።

የፍተሻ ኬላ ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ግጭትም ቁስለኛና ሕመምተኛ ተሰብስቦ ይታከም ይላል፤ ማንም ይሁን ማን። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 10 ደግሞ በሙያው ሥነ ምግባር ያከመ ሰው ያከመው ማንንም ቢሆን ሊቀጣ አይችልም ይላል። ይህ ሕግ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አልዋሻችሁም። እናንተ ግን ስታከብሩት ያስጠብቃችኋል፦ ቃሬዛ ላይም አምቡላንስ ላይም መሣሪያ፣ ጥይት፣ የታጠቀ ሰው አይጫን። የቀይ መስቀልን ምልክት በራሳችሁ አትሳሉ። ጦር የሚያዳምጠው ወሬ አታቀብሉ። የቆሰለ ታጣቂ ትጥቁን ከፈታ በኋላ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ይታያል፤ ጎረቤታችሁን ከመታው ወገን ቢሆንም። ይህ ከባድ ነው፤ የእናንተን ሕይወት የሚጠብቀውም ይኸው ነው።

አራተኛ፦ ምጥ

ዘጠነኛ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ተኩስ ሳይሰማ ቀድማ ትሂድ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ እሱ ካልሆነ ሆስፒታል አጠገብ ያለ ዘመድ ቤት ትሰንብት። መንታ ያረገዘች፣ በቀዶ ጥገና ወልዳ የምታውቅና ከዚህ በፊት ስትወልድ የደማች በፍጹም ቤት አትጠብቅ።

ካልተቻለና ቤት ከወለደች፦ የምታዋልደው ሴት እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠብ። ሕፃኑ እንደወጣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ይታሽ። ካላለቀሰ ጀርባውን እሹት፣ አፉን ጥረጉ፤ አሁንም ካልተነፈሰ አፍና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ በጉንጫችሁ አየር ብቻ ትንንሽ እፍታ ስጡት፣ በደቂቃ ወደ አርባ። ትንፋሽ ካለው በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ቶሎ አይታጠብ፣ ደጋ ላይ ሕፃን የሚገድለው ብርድ ነው። እትብቱ መምታቱን ሲያቆም በተቀቀለ ክር ሁለት ቦታ ይታሰርና በአዲስ ምላጭ መሐሉ ይቆረጥ። ቅቤም እበትም አይነካው።

ከዚያ ዓይናችሁን ከእናትየዋ አታንሱ። እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ እትብቱን እየጎተታችሁ አታውጡት። ሽንቷን ትሽና፣ ሕፃኑ ይጥባ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ከእምብርቷ በታች ማሕፀኗን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር እሹ። ደም እየፈሰሰ ከሆነ ማሸቱን ሳታቆሙ ጉዞ ጀምሩ። ከመውለድ በኋላ ደም የሚያቆመውን እንክብል አስቀድማችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ፤ መቼና እንዴት እንደሚዋጥ እሷ ታሳያችሁ፤ መንታ ቀርቶ እንደሆነ ሳይረጋገጥ አይሰጥም። ብርቱ ራስ ምታት፣ ዓይን ማጥበርበር፣ መንቀጥቀጥ፣ ከምጥ በፊት ደም፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ሌሊትም ቢሆን ቃሬዛው ይነሣ።

አምስተኛ፦ የየዕለቱ መድኃኒት

መንገድ ክፍት በሆነበት ሳምንት ሁሉም የሚያስፈልገውን ያምጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጤንነታቸው ለተረጋጋ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ስለዚህ በመዝገባችሁ ፊት ለፊት ይቀመጥ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል። ሁሉም ሰው የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ በልብሱ ውስጥ ይያዝ፤ ሲሰደድ ሌላ ቦታ ካርዱ አይገኝም።

ኢንሱሊን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መብራት ከሌለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣችሁ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት፣ ጥላ ሥር አድርጉት። የተጀመረ ጠርሙስ በዚህ መንገድ ወደ አራት ሳምንት ይቆያል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ መንዝ ላይ ውርጭ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም ይጣል።

ስድስተኛ፦ ውሃና ተቅማጥ

ውሃ አፍሉ። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ይንፈቀፈቃል። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በሊትር ሁለት ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፤ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ በነጠላ ይጠለል፣ ጠብታውም እጥፍ ይሁን።

ተቅማጥ ለያዘው ኦ.አር.ኤስ.፣ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር። ካለቀባችሁ፦ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ። ሕፃን ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ በወጣው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ በማንኪያ፣ በትዕግሥት። ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ፣ ምግብም አይከልከል። ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ላለ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ለአሥር ቀን። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ፈዝዞ የተኛ ሕፃን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ (በተለምዶ ግሉኮስ የሚባለው) ያስፈልገዋል፤ አይጠበቅም። የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ብዙ ቤት በአንድ ቀን ከገባ ኮሌራ ነው ብላችሁ ወዲያው አስታውቁ።

ሰባተኛ፦ ተፈናቃይ ሲመጣ

ከደጋ ወደ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ቆላ የወረደ ሰው የወባ መቋቋሚያ የለውም። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትኩሳት ያለበት ሁሉ በዚያው ቀን ይመርመር፤ አጎበር በመጀመሪያ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ ኩፍኝ እንደ እሳት ይዛመታል፤ ያልተከተበ ሕፃን መጀመሪያ ይፈለግ። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ደግሞ የደጋ መጠለያ በሽታ ነው፤ ልብስ ማፍላት መከላከያው ነው።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት የላይኛ ክንድ ዙሪያ ለኩ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ ረሃብ ነው፣ እስከ 12.5 ድረስ ክትትል ይፈልጋል። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ሦስት ሴኮንድ ተጫኑ፤ ጉድጓድ ከቀረ ልኩ ምንም ይሁን ሕፃኑ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ስምንተኛ፦ የተደፈረች ሴት

በሩን ዝጉ። አንዲት ሴት ብቻ ትቅረባት። ምን እንደደረሰ እንድትተርክ አትጠይቋት፤ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ትጀምራለች፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱ ቢያልፍም ትሂድ፣ ሌላ ሕክምና አለ። ለመታከም የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም። ካረገዘች፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ማስረጃው የራሷ ቃል ነው። ስሟ በማንም ጎረቤት አፍ ላይ እንዳይገባ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ወንድ ልጅም ይደፈራል፤ ለእሱም ያው ነው።

ዘጠነኛ፦ ያልፈነዳ ነገር

እረኞች ያገኙትን ብረት አይንኩ፣ አይርገጡ፣ ድንጋይ አይወርውሩበት። በመጡበት ዱካ ይመለሱ፣ ከሩቅ ምልክት ያድርጉ፣ ለትልቅ ሰው ይንገሩ። ይህን በየሳምንቱ ድገሙላቸው።

መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ሲከፈት

ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ላይ መውጣት ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ከዚያ ቀን በፊት በእድሩ ፊት ወስኑ፤ በሩ ላይ የሚወሰን ነገር ጉልበተኛን ያስቀድማል። ደሙ በማሰሪያ የቆመ፣ ሆዱና ደረቱ የተመታ፣ ምጥ የጠናባትና የምትደማ እናት፣ ራሱን የሳተ ሕፃን ይቅደሙ። ቀጥሎ የተሰበረና የተቃጠለ፣ ቀጥሎ መራመድ የሚችል ቁስለኛ። አንድ ቦታ ግን ሁልጊዜ ተይዞ ይጠብቅ፦ የሁሉንም የመድኃኒት ካርድ ሰብስቦ ሄዶ የመላውን ጎጥ መድኃኒት ይዞ ለሚመለስ አንድ ጤነኛ ሰው።